የበርበሬዬ ውጤት ከዜሮ በታች ወረደ፤ ዲፒፒኤች ላይ ምን አጠፋሁ?

የቡሬዋ፦

ሰላም፣ እንዴት ከርማችኋል። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የበርበሬና የጦስኝ አንቲኦክሲዳንት አቅም ላይ ነው። በርበሬው የቤታችን ነው፣ እናቴ ራሷ ቀንጥሳ የላከችልኝ። ጦስኙን ከደብረ ማርቆስ ገበያ ገዛሁ። በርበሬውን በአሴቶን፣ ጦስኙን በ80 ፐርሰንት ሜታኖል ዘፍዝፌ አጣርቼ አደረቅኋቸው። ከዚያ በየፈሳሻቸው መልሼ አሟሟሁና 1 ሚሊ ሊትር ጭማቂ በ3 ሚሊ ሊትር ዲፒፒኤች (አንቲኦክሲዳንት ሲያገኝ ቀለሙን የሚለቅ ኬሚካል) ላይ ጨምሬ፣ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆይቼ፣ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በማሽኑ 517 ናኖሜትር ላይ አነበብኩ።

ጉዱ እዚህ ይጀምራል። ኮንትሮሉ (ጭማቂ የሌለበት ዲፒፒኤች) 0.900 ነው። በርበሬው 0.800 አነበበ፣ ከኮንትሮሉ የቀነሰው 11 ፐርሰንት መሆኑ ነው። እሺ ብዬ የበርበሬውን መጠን እጥፍ ሳደርገው 0.960 አለኝ! ከኮንትሮሉ በላይ። ሲሰላ ከዜሮ በታች 7 ፐርሰንት ሆነ። ጦስኙ ደግሞ በተቃራኒው 50ም ላይ 100ም ላይ 200 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትርም ላይ ያው 92 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ላይ ለማነጻጸሪያ በሠራሁት ቫይታሚን ሲ ማክሰኞ ያገኘሁት አይሲ50 (ዲፒፒኤቹን በግማሽ የሚቀንሰው መጠን) ሐሙስ ስደግመው ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

አማካሪዬ "ድገሚው" አሉኝ፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ዲፒፒኤቹ እያለቀብኝ ነው፣ እዚህ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ዲፌንሱ ቀርቧል። የምታውቁ እባካችሁ።

ጣና ዳር ላብ፦

እህት ዓለም አይዞሽ። በርበሬሽም አላጠፋም፣ አንቺም ብዙ አላጠፋሽም። አንድ ብላንክ ነው የጎደለሽ፣ የጭማቂውን የራሱን ቀለም ለይቶ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ።

ዲፒፒኤች ሐምራዊ ነው። ጭማቂው ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሮን ሲሰጠው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ እኛ የምንለካው የሐምራዊውን መቀነስ ነው። ማሽኑ ግን ቀለሙ የማን እንደሆነ አያውቅም። 517 ላይ ብርሃን የሚመጥ ነገር ካገኘ ቁጥር ይሰጥሻል፣ አለቀ። የበርበሬ ቅላት ከካፕሳንቲንና ከመሰል ካሮቲኖይዶች የሚመጣ ነው፣ የእነሱ መምጠጥ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ዲፒፒኤቹ እየቀነሰ ሳለ የበርበሬው ቅላት በላዩ ላይ እየተደመረ ነው። መጠኑን እጥፍ ስታደርጊ ቅላቱም እጥፍ ሆነ፣ ውጤትሽን ገልብጦ አሳየሽ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መጠን ሌላ ኪዩቬት (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ትንሽ የመለኪያ ዕቃ) አዘጋጂ፦ ያው ጭማቂ በዚያው መጠን፣ በዲፒፒኤቹ ፈንታ ግን ባዶ 3 ሚሊ ሊትር ሜታኖል። እሱን አንብቢና ከናሙናው ላይ ቀንሺ። ኮንትሮሉ ውስጥም በጭማቂው ፈንታ አሴቶን ይግባበት፣ ባዶ ሜታኖል አይሁን። ደግሞ ኪዩቬቱን ወደ መስኮት አንስተሽ እዪው። ድፍርስ ካለ መቀነሱ ብቻ አያድንሽም፣ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክረሽ ዝቃጩን አውርጂው።

የጦስኙ ነገር ሌላ ነው። አበዛሽው። ዲፒፒኤቹ በሙሉ አልቆ ነው 92 ላይ የቆመው። የሚቀረው ቢጫም ትንሽ ስለሚመጥ 100 አትደርሺም፣ አትጠብቂ። ወደ 5፣ 10፣ 20፣ 40 ውረጂ። ከ20 እስከ 80 ፐርሰንት መካከል የሚወድቁ አራት አምስት ነጥቦች ካላገኘሽ አይሲ50 ብሎ ነገር የለም።

መምህር ከማርቆስ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ማክሰኞና ሐሙስ ልጨምር፣ ተማሪዎቼን ሁሌ የሚያስለቅሳቸው እሱ ስለሆነ።

ልገምት፣ 0.1 ሚሊ ሞላር ለመሥራት 3.9 ሚሊ ግራም መዝነሽ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጨመርሽ? ሚዛንሽ ሦስት ዲጂት ብቻ ከሆነ 3ም ይሁን 5 በእርግጠኝነት አታውቂም። 39.4 ሚሊ ግራም መዝነሽ 100 ሚሊ ሊትር አድርጊውና ከእሱ ላይ አሥር እጥፍ አቅጥኚ። ብዙ ዲፒፒኤች የሚፈጅ ይመስላል፤ 10 ሚሊ ሊትር ቆንጥረሽ የሚበቃሽን ታቀጥኛለሽ፣ ቀሪውን በፎይል ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ ለዚያው ሳምንት ታቆዪዋለሽ። ግን በየቀኑ ኮንትሮሉን አንብቢ፣ እያደር ይወርዳል።

መብራትም አለ። ሲጠፋ ተነስቶ ሲመጣ ወዲያው ማንበብ የለም። አምፖሉ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሙቅ፣ ዜሮውን እንደገና ያዢ፣ ኮንትሮሉንም እንደገና። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ጥዬአለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው፣ 100 ያልሽው የቱ ነው? 1 ሚሊ ሊትር ጭማቂ 3 ሚሊ ሊትር ላይ ከጨመርሽ ኪዩቬቱ ውስጥ ያለው 25 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ነው። አንዱ የመጀመሪያውን ይጽፋል፣ ሌላው የመጨረሻውን፣ ከዚያ የሁለቱ አይሲ50 በአራት እጥፍ ተለያየ ተብሎ ተክሉ ይወቀሳል። የቱን እንደጻፍሽ በግልጽ ይቀመጥ። አይሲ50 በዲፒፒኤቹ መጠንም በጊዜውም ስለሚለዋወጥ ቫይታሚን ሲውን በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠርሙስ ዲፒፒኤች አብረሽ ሥሪና ጎን ለጎን አቅርቢ።

ስለ 30 ደቂቃውም ተጠንቀቂ። ቫይታሚን ሲ ወዲያው ነው የሚጨርሰው። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል ግን ከዲፒፒኤች ጋር ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። በ10፣ በ30፣ በ60 ደቂቃ አንብበሽ መቆሙን እዪ። ጭማቂውን ስታደርቂም ሙቀት አታብዢበት። እነዚህ ተናኝ ናቸው፣ ላብራቶሪው በጦስኝ ሽታ ከታወደ የምትለኪው ነገር አየር ላይ ነው ያለው።

ለበርበሬው ደግሞ ኤቢቲኤስ የሚባለውን ሌላ መሰል መለኪያ እመክርሻለሁ። 734 ናኖሜትር ላይ ነው የሚነበበው፣ እዚያ ላይ የበርበሬ ቅላት አይደርስም።

ጦስኝ ሻጩ፦

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ የጦስኝ ሻይ አሽጌ እሸጣለሁ። ይሄ 92 ፐርሰንት የምትሉትን ማሸጊያው ላይ ልጽፈው እችላለሁ? ሰው "ለምን ይጠቅማል" ብሎ ሁሌ ይጠይቀኛል።

መምህር ከማርቆስ፦

ወንድሜ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። አትጻፈው። 92 ያለችው ኪዩቬት ውስጥ፣ ሜታኖል ላይ፣ ዲፒፒኤች በሚባል ሰው ሠራሽ ራዲካል ላይ ነው። ሻይህን የሚጠጣው ሰው ሆድ ውስጥ ዲፒፒኤች የለም። የተክሉ ፖሊፊኖል ከአንጀት ስንቱ እንደሚያልፍ፣ ጉበት ምን አድርጎ እንደሚለውጠው ይህ መለኪያ አይነግርህም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በምግቦች ላይ ኦራክ የሚባል ተመሳሳይ መለኪያ ሰንጠረዥ ነበረው፤ ነጋዴው ለማስታወቂያ ሲያውለውና ቁጥሩ ከሰው ጤና ጋር መያያዙ ሳይረጋገጥ ሲቀር በ2012 ከድረ ገጹ አነሳው። ጦስኝህ ጥሩ ሻይ ነው፣ የት እንደበቀለና መቼ እንደታጨደ ጻፍበት፣ ለገዢህ እሱ ይበልጥበታል።

ጦስኝ ሻጩ፦

እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል። አመሰግናለሁ።

የቡሬዋ፦

ተመልሻለሁ! እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሚዛናችን እውነትም ሦስት ዲጂት ነው፣ መምህር እንዴት እንዳወቁት እንጃ።

የበርበሬውን ብላንክ ሠራሁ። ለብቻው 0.290 አነበበ፣ እጥፉ ደግሞ 0.570። በዓይኔም አየሁት፣ ዲፒፒኤች የሌለበት ኪዩቬት ራሱ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ቁጭ ብሏል። ስቀንሰው 0.800 የነበረው 0.510 ሆነ፣ 43 ፐርሰንት። ከዜሮ በታች የነበረው 57 ሆነ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እናቴ ጋ ደውዬም ነገርኳት።

ጦስኙን ከ5 ጀመርኩ። አሁን መስመሩ ደህና አድርጎ ይወጣል፣ ግን መምህር እንዳሉት በ30 ደቂቃ አልቆመም፣ በ60ው ላይም ትንሽ እየወረደ ነበር። 90 ላይም ላነብ ነው።

ኤቢቲኤሱን ዛሬ ማታ ከፖታሲየም ፐርሰልፌት ጋር በጥብጬ ጨለማ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይቆይ ስለሚል ጠዋት ይደርሳል። 0.70 እስኪያነብ አቅጥኜ በርበሬውን እጀምራለሁ፣ መብራት ካለ።