ባሌ ልሂድ ወይስ አርባ ምንጭ? (የአፍንጮ በሩ ጅብም አለበት)

ፓስቲዋን_የተነጠቀች

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ወሬው ግን ይረዝማል። ታገሱኝ።

አራት ኪሎ ባዮሎጂ እማራለሁ፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አፍንጮ በር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የሴሚስተሩ እረፍት ሊደርስ ነው፤ 9 ቀን ነፃ ነኝ። ልጆች እያስጠናሁ ያጠራቀምኳት 14 ሺህ ብር አለች። በዚህች ብር የዱር እንስሳ በዱር ማየት እፈልጋለሁ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጭድ ተሞልቶ የቆመውንማ ግቢያችን ካለው ሙዚየም ስንቴ አየሁት።

አንደኛ ዓመት ሳለን አንድ መምህር ገብቶ «የምትኖሩት ትሮፒክ ውስጥ ነው» ሲለን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሐምሌ ነበር። ግማሻችን ጃኬት ላይ ጋቢ ደርበናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት ብሎ ካርታ ሲያሳየን ነው ዝም ያልነው። ለካ ሙቀቱን የሰረቀብን ከፍታው ነው። ከዚያ ወዲህ «የትሮፒክ እንስሳዎቼ» የሚል ደብተር ይዣለሁ። አትሳቁ።

ደብተሩ ላይ አንደኛው ጭልፊት ነው። ፓስቲ ገዝቼ ከግቢው በር ወደ ክፍል እየሄድኩ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የነከስኳት። ከኋላዬ ነፋስ የመሰለ ነገር መጣ፣ ክንፉ ጆሮዬን መታኝ፣ እጄን ሳየው ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል። ጥፍሩ ጣቴን እንኳ አልጫረኝም። የጥበቃው ጋሼ «ዛሬ ቁርሱን በጊዜ አገኘ» ብለው ሳቁብኝ። ስሜ የመጣው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ሐዋሳ አሞራ ገደል፤ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሞ፣ ጦጣ ደግሞ የጓደኛዬን ሙዝ ከነቦርሳዋ ስትወስድ አይተናል። አዋሽም በክፍል ጉዞ ሄደናል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው፣ የጅቡቲው መንገድ መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ግን አውቶብሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የደረስነው በቀትር ነው። ያየነው ሁለት ሳላ፣ ያውም ከሩቅ፣ እንደ ሁለት ነጭ ድንጋይ። የቀረውን ሰዓት ጥላ ፍለጋ ጨረስነው።

አሁን ወደ ጅቡ። ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጓደኛዬን ታክሲ ላሳፍራት ወጣሁ። ስመለስ ብቻዬን ነኝ። ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ውሻ መስሎኝ ቀረብኩ። ትከሻው ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ያለ ነው። ፌስታል ይጎትታል። ቀና ሲል የመንገድ መብራቱ ዓይኑ ላይ አረፈና አረንጓዴ ሆነ። መሀላችን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። (ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። በጅብ ሴቷ ናት የምትተልቀው፣ አዛዧም እሷ ናት። ይሄኛው ትልቅ ነበር።) ጆሮው ክብ ነው፣ እንደ ሕፃን ልጅ። ይሄ ለምን ትዝ እንደሚለኝ እንጃ። እኔ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እሱ ፌስታሉን ይዞ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። ድምፁ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ነው የሰፈሩ ውሾች አገር ይያዝ ያሉት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ፦ በ14 ሺህ ብር፣ ብቻዬን፣ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ባሌ ይሻላል ወይስ አርባ ምንጭ? ጅብስ ደግሜ ባገኝ ምን ላድርግ? እናቴ ስለ ጅቡም ስለ ጉዞውም አልሰማችም።

የጎባ_ልጅ

ባሌ። አለቀ።

እሺ ላብራራ። አርባ ምንጭ ጥሩ ነው፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞውንም ጉማሬውንም ታያለሽ። ግን ለማየት ጀልባ ያስፈልግሻል፣ ጀልባ ደግሞ ብቻውን ለሚከራይ ሰው ኪስ ያራቁታል። አምስት ስድስት ሆናችሁ ስትሄዱ ነው የሚያዋጣው። ባሌ ግን እንስሳው በእግር የሚደረስበት ነው።

አንድ ስህተት እንዳትሠሪ። ሰው ሁሉ ሮቤ ወይም ጎባ ድረስ ይሄዳል። አንቺ ዲንሾ ውረጂ። ለወያላው ስትሳፈሪ ንገሪው፣ ዶዶላን ስታልፉ ደግመሽ ንገሪው፣ ይረሳል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። ኮሶና ጽድ ያለበት ትንሽ ጫካ አለ፣ ደጋ አጋዘኑ እዚያ ውስጥ እንደ ጎረቤት ከብት ነው የሚቆመው። የድሮዋን አሥር ሳንቲም ካስታወስሽ፣ እሷ ላይ ያለው እሱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።

ቀይ ቀበሮ ካልሽ ግን ሳነቲ የሚባለው አምባ ላይ መውጣት አለብሽ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ አናቱን ያቋርጠዋል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጎባ አድረሽ መኪና የሚጋራሽ ፈልጊ። ፓርኩ ላይ አስጎብኚ መያዝሽ አይቀርም፣ ክፍያውን ከመነሳትሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። መንገዱም እንዴት እንደሆነ በሳምንቱ የተመላለሰ ሹፌር ጠይቂ እንጂ ፌስቡክ አትመኚ።

ቀይ ቀበሮን የእኛ ሰዎች በኦሮምኛ «ጄዳላ ፋርዳ» ይሏታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ፈረስ ወይም ላም ልትወልድ ስትል እየተከተለች የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ከብት መሀል ገብታ አይጥ ስታድን ግን እኔው ራሴ አይቻለሁ። ላሞቹ ዞር ብለው እንኳ አያዩአትም።

ጋቢ ያዢ። በጋ ስለሆነ ፀሐይ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ። ሌሊት ሳነቲ ላይ ውሃ በረዶ ይሆናል።

አሮጌው_ስድስት_ኪሎ

ልጄ፣ በቅድሚያ ጅቡን እንጨርስ።

አትሩጪ። የሚሮጥ ነገር ሁሉ ለእሱ ምግብ ነው። ፊትሽን ወደ እሱ አድርገሽ፣ እጅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ቀስ እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ። ድንጋይ ካለ አንሺ፤ ባትወረውሪውም ጎንበስ ስትይ ያያል። ሥጋ በፌስታል ይዘሽ በዚያ ሰዓት አትውጪ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ብቻሽን አትመለሺ። እዚያ ሰፈር ከጅቡ ይልቅ ባለ ሁለት እግሩን ነው የምፈራልሽ።

እኔ በ1992 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዶርም ሳለሁ የሚቀሰቅሰን አንበሳ ነበር። አንበሳ ግቢ ማዶ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት። ንጋት ላይ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፣ የብረት አልጋችን ሲነዝር ይታወቀን ነበር። ከጠቅላይ ግዛት የመጣ አንድ ልጅ የመጀመሪያ ሌሊት አልጋው ሥር ገብቶ አገኘነው። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የዘረመል ጥናት ወጣና እነዚያ አንበሶች ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ የተለዩ ናቸው አለ። እኛ በትራስ ጆሯችንን የምንደፍንባቸው ማለት ነው።

ጉዞውን በተመለከተ ከጎባው ልጅ ጋር አልስማማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን ስትሄጂ ለምን 400 ኪሎ ሜትር? መናገሻ ሱባ አፍንጫሽ ሥር ነው። ጽዱ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል። ጉሬዛ አለ፣ ድኩላ አለ። ጠዋት ሄደሽ ማታ ቤትሽ ነሽ። ለእናትሽም ንገሪ።

ፒያሳ_ስፖኪዮ

14 ዓመት ቱሪስት ነድቻለሁ። ለጋሼ ክብር አለኝ፣ ግን መናገሻ ሄዳ ቀይ ቀበሮ አታይም። ልጅቷ የጠየቀችው ባሌ ወይስ አርባ ምንጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪና ስትጋሪ ሹፌሩን «ቶሎ በል» አትበዪ። ሳነቲ ላይ ቀበሮዋ መንገድ ዳር ናት፣ በመኪና ተገጭታ የሞተችም አይቻለሁ። ያለችው በሙሉ አዋቂዋ ብትቆጠር 500 አትሞላም፣ ከግማሽ በላይዋ ባሌ ነው ያለችው። አንዷን ገጨህ ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። ውሻም ተከትሏችሁ እንዳይወጣ። በእብድ ውሻ በሽታ ስንቴ ነው ያለቁት።

ሌላው፣ አታሳድዱ። አንድ ጊዜ ካሜራው ከእኔ መኪና የሚከብድ እንግዳ ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳነቲን አረስኩት። ምንም። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ሆዱን አሞት ከድንጋይ ኋላ ቁጭ አለ። ቀበሮዋ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ካሜራው መኪና ውስጥ ነው። ሲጮህ የሰማሁት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ቁርበት_አንጥፉልኝ

እኔን የገረመኝ የጅቡ ጨዋነት ነው። ቆሻሻውን በፌስታል ይዞ ሄደ አላልሽም? የእኛ ግቢ ተከራዮች ይሄን አያደርጉም።

ፓስቲዋን_የተነጠቀች

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ምክርዎን ግማሹን ሰማሁ፤ ለእናቴ ነገርኳት። አኩርፋ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ ከዚያ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ላከችልኝ። ባሌ ሄድኩ።

ወያላው እንደተባለው ረሳኝ። ዲንሾን ካለፍን በኋላ ነው የጮህኩት፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በእግሬ ተመለስኩ። ሲመሽ ደረስኩ። በሩን ገባ እንዳልኩ ከርከሮዎች በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ። ሰው መጣ ብለው እንኳ አልተነሱም። ደጋ አጋዘኑን በማግስቱ ጠዋት ኮሶ ሥር አየሁት፣ የአፉ እንፋሎት እስኪታየኝ ቀርቤ። አሥር ሳንቲሟ ላይ ያለውን አይመስልም። በጣም ያምራል።

ሳነቲን ከጎባ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር መኪና ተጋርተን ወጣን። ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል በጭጋግ ውስጥ ሰው ተሰልፎ የቆመ ነው የሚመስለው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስጎብኚያችን ሞተር አስጠፋና «እዚህ እንቀመጥ» አለ። ተቀመጥን። 40 ደቂቃ። ጣቴ ደነዘዘ።

መጀመሪያ የታየው ፍልፈሉ ነው። ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን አወጣ። ዓይኑ አናቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ሰውነቱን ሳያወጣ ዙሪያውን እንዲያይ። ሣሩን ሙጭ ሙጭ አድርጎ በአፉ ሞልቶ ገባ። ደግሞ ወጣ። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማለች። ወፏ ብር ስትል ፍልፈሉ ጠፋ። ያኔ ነው እሷን ያየኋት። ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ ቀይ፣ ደረቷ ነጭ፣ እግሯ ረጅም። ቀበሮ ይሏታል እንጂ ዘመዷ ተኩላ ነው፤ ስትራመድም ያስታውቃል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮዋን አቁማ ቆመች። አንድ እግሯ እንደተነሳ ቀረ። ቆጠርኩ፣ እስከ 70። ከዚያ ዘለለች፣ አፍንጫዋን ከነግንባሯ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች፣ በሁለት እጇ ጫረች፣ አፈሩ ወደ ኋላ ይበተናል። ጅራቷ ብቻ ነው የሚታየን። ስትወጣ ባዶ አፏን ናት፣ አፍንጫዋ ጭቃ ለብሷል። አነጠሳት። ወደ እኛ አየት አደረገችና ሄደች። በቃ ይሄው ነው።

ብሯ እስከ ሻሸመኔ በቃችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ከአንዷ አስተማሪ ተበድሬ ነው የገባሁት፣ ዛሬ ላኩላት።

ፒያሳ_ስፖኪዮ

ፎቶውስ?

ፓስቲዋን_የተነጠቀች

ስልኬን ብርዱ ባትሪውን በላው። አንድ ፎቶ ብቻ ነው የተረፈው፣ እሱም ቀይ ነገር ከሣር ኋላ። ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና «ይሄ የእትዬ ጎረቤታችን ውሻ አይደል እንዴ?» አለችኝ።