ለማሽላ ጥናት የ3 ወር የውጭ ላብራቶሪ ቆይታ፦ ገንዘቡ ከየት ይገኛል? ከምንስ ይጀመራል?

ጅጉርቴ (ጠያቂ)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ የምማር የ2ኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ጥናቴ በቆቦ፣ በሀብሩና በቃሉ ገበሬዎች እጅ ባሉ የማሽላ ዓይነቶች የፕሮቲን ጥራት ላይ ነው። ናሙናው 60 ሲሆን ሰብሉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል። ለአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ትንተናው ጀርመን ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ (ላብ) ለ3 ወር ሊቀበለኝ ፈቃደኛ ነው። ነገር ግን እስካሁን ያገኘሁት «ብትመጪ ደስ ይለናል» የሚል ኢሜይል ብቻ ነው፤ ለወጪዬ የሚሆን ገንዘብም የላቸውም። ከዚህ የተፈቀደልኝ የምርምር በጀት በብር ነው፤ ከመስክ ሥራው አያልፍም።

የምጠይቀው እነዚህን ነው፦ ለእንዲህ ዓይነት አጭር ቆይታ የሚከፍል ማነው? በጀቱን እንዴት ልሥራው? ናሙናውን ይዤ ለመውጣትስ ምን ያስፈልገኛል? የምታውቁ ብታካፍሉኝ አላህ ይስጥልኝ።

ቦርከና

አብሽሪ እህቴ፣ የሚሆን ነገር ነው። ግን ገንዘብ ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት ያን ኢሜይል ደብዳቤ አድርጊው። «ደስ ይለናል» በሚል ቃል ኪሱን የሚፈታ ገንዘብ ሰጪ የለም። ደብዳቤው በተቋሙ አርማ ተጽፎና ተፈርሞ መምጣት አለበት፤ በውስጡም የምትገቢበትና የምትወጪበት ቀን፣ የምትሠሪው ሥራና የምትጠቀሚበት መሣሪያ፣ የሚከታተልሽ ሰው፣ የላብ ክፍያ ካለ ስንት ዩሮ እንደሆነ፣ የመኖሪያና የጉዞ ወጪሽንም ማን እንደሚሸፍን ይገለጽ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ኤምባሲ ስትደርሺ ግን ቀድሞ የሚፈለገው እሱ ነው። አንቺው አርቅቀሽ ላኪላቸው። ፕሮፌሰሩ አስተካክሎ ቢፈርም ሥራው ይቀልለታል እንጂ አይከፋውም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ለጀርመን መጀመሪያ የሚታየው ዳአድ ነው፤ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ማለቴ ነው። ከ1 እስከ 6 ወር ለሚቆዩ የዶክትሬት ተማሪዎች የአጭር ጊዜ የምርምር ድጋፍ አለው። ወርኃዊ አበሉን፣ የጤና ኢንሹራንሱንና የጉዞ ድጎማውን አንድ ላይ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ተመራጭ የሆነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻ ዲግሪሽን ካገኘሽ ከ6 ዓመት በላይ እንዳይሆን ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ይህን አረጋግጪ። የማመልከቻው መዝጊያ በየአገሩ ስለሚለያይ ኢትዮጵያን መርጠሽ ነው ማየት ያለብሽ። እዚህ ላይ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በሐሳቡ ሳይሆን በሥራ ዕቅዱ ነው። «ወር 1፦ ትንተና፣ ወር 2፦ ትንተና፣ ወር 3፦ ሪፖርት» ብለሽ ከጻፍሽ አንባቢው ሥራውን እንደማታውቂው ይረዳል።

ሁለተኛው ኢራስመስ ፕላስ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም ማለት ነው። እዚህ ላይ ተማሪው በቀጥታ ብራስልስ ማመልከት የሚችል ይመስለዋል፤ አይቻልም። ገንዘቡ የሚገኘው በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የልውውጥ ስምምነት ሲኖር ነው፤ የሚያመለክተውም የአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ነገ ጧት ወደ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ሂጂና ከየትኞቹ ጋር ስምምነት እንዳለን ጠይቂ። የቆይታው መጠን ሁለት ዓይነት ነው፦ ረጅሙ ከ2 እስከ 12 ወር፣ ለዶክትሬት ተማሪ የተፈቀደው አጭሩ ደግሞ ከ5 እስከ 30 ቀን። በመሃል ያለው፣ ለምሳሌ 45 ቀን፣ የትም አይገባም። በረጅሙ እንደየአገሩ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይከፈላል፤ የጉዞው ለብቻው ነው።

ጊዜሽን እንዳያባክንብሽ ደግሞ፦ የኮመንዌልዝ የዶክትሬት ድጋፎችን ተያቸው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ለፕሮፖዛሉ መግቢያ የሚሆን ጠንካራ ነጥብ እጅሽ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዓለምን የማሽላ ስብስብ ሲፈትሹ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲዳቸው ከፍ ብሎ የተገኙት ሁለት ዓይነቶች ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። የተለመደው ማሽላ በ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ገደማ ላይሲን ሲኖረው የእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ነበር። ፍሬያቸው ጨምደድ ያለ፣ ምርታቸው ዝቅ ያለ፣ ገበሬው ከሌላው ጋር ቀላቅሎ እየዘራ በእሸቱ ጠብሶ የሚበላቸው ናቸው። «ከ50 ዓመት በኋላ ማሳው ላይ ምን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ከወሎ ውጭ ያለ ተማሪ በዚህ ቅርበት ሊያነሳው የማይችል ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጪው፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ አትቅበሪው።

ወተት በጉንጬ

የቦርከና ምክር እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ግን 3 ወሩ ላይ ጥያቄ አለኝ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

የአሚኖ አሲድ ትንተና አንድ ዝግጅት ብቻ አይደለም። ዋናው ዱቄቱን በ6 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ማፍረስ ነው። ላይሲኑ በዚህ ይገኛል። ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ግን በአሲዱ ስለሚጠፋ በአልካሊ ለብቻው መዘጋጀት አለበት። ሜታዮኒንና ሲስቲን የሚባሉት ደግሞ አስቀድመሽ ኦክሳይድ ካላደረግሻቸው በትክክል አይለኩም። ላቡን «የአሚኖ አሲድ ዋጋ ስንት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ ይነግሩሻል፤ ጀርመን ከገባሽ በኋላ ሦስት እጥፍ ይሆንና በጀትሽ ይናጋል። «የሦስቱም ዝግጅት ዋጋ፣ በየናሙናው ሁለት ድግግሞሽ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

60 ናሙና፣ ከትሪፕቶፋኑ በቀር በሁለት ዝግጅት፣ በሁለት ድግግሞሽ 240 የመሣሪያ ንባብ ነው። አንዱ ንባብ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ 360 ሰዓት ይሆናል፤ መሣሪያው ቀንና ሌሊት ቢሠራ 15 ቀን ማለት ነው። ትሪፕቶፋኑ ብዙ ጊዜ በሌላ መሣሪያ ጎን ለጎን ይነበባል። መሣሪያውን ከሌሎች ጋር ስለምትጋሪው፣ የሚበላሽም ስለሚኖር፣ እጥፍ አድርጊው፤ 30 ቀን። መለማመጃና ዳታ ማጣሪያ ሲጨመር ከ8 እስከ 9 ሳምንት ይበቃል። 63 ቀን ብትይ የኢራስመስን 2 ወርም ትሞያለሽ። ይህን ስሌት እንዳለ ፕሮፖዛሉ ውስጥ አስገቢው። ገምጋሚ ለቆይታሽ ምክንያት የሚፈልገው እንዲህ ባለ ቁጥር ነው።

ጠቅላላ ፕሮቲኑን በኬልዳል (ፕሮቲኑ ከናይትሮጅን መጠን በሚሰላበት ዘዴ) እዚሁ አገር ውስጥ ለኪ። ናይትሮጅን ለመለካት በዩሮ መክፈል የለብሽም፤ ላይሲንም ትርጉም የሚኖረው ከፕሮቲኑ መጠን ጋር ሲነጻጸር ነው።

ናሙናውን በተመለከተ፣ በጨርቅ ቋጥረሽ በሻንጣ ይዘሽ የምትወጪው ነገር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረመል ሀብት ያለ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ከአገር አይወጣም። «ዱቄት ነው እንጂ ዘር አይደለም» ማለትም አያዋጣም፤ ከዱቄትም ዘረመል ይወጣል። ማመልከቻሽ የናሙናዎቹን ዝርዝር ከተሰበሰቡበት ቀበሌ ጋር፣ የእያንዳንዱን ክብደት፣ ዓላማውን፣ ተቀባዩን ተቋም፣ የተረፈው ምን እንደሚደረግ ይያዝ። የመጨረሻው ላይ «ትንተናው ሲያበቃ ይወገዳል፤ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም» የሚል ቃል ከተቀባዩ ላብ በፊርማ ቢመጣ ነገሩ ይፈጥናል።

ዱቄት መሆኑ የሚጠቅመው በሌላኛው በር ነው። ሊበቅል የሚችል ፍሬ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ ከግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቃል፤ ሰርተፍኬቱም ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ባሉት 14 ቀናት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት። ቀደም ብሎ አውጥቶ ቪዛ መጠበቅ ማለት ሰርተፍኬቱን መጣል ነው። ስለዚህ ፍሬው ከ12 በመቶ በታች እርጥበት እስኪደርስ አድርቂ፣ በ0.5 ሚሊሜትር ወንፊት አስፈጪ፣ በየናሙናው 50 ግራም በሁለት ፕላስቲክ አሽጊ። ጠቅላላው 3 ኪሎ ነው። ከእያንዳንዱ ፍሬ ሩብ ኪሎ እዚህ አስቀሪ። ጉዞው ለከርሞ ቢተላለፍ ዱቄት ቅባቱ ይበላሻል፤ ደረቅ ፍሬ በቀዝቃዛ ቦታ ይጠብቅሻል።

ጅጉርቴ

በጣም አመሰግናለሁ፤ የ63 ቀኑን ስሌት ለአማካሪዬ ልኬዋለሁ። የቀረኝ ቪዛውና የብር ጉዳይ ነው። ተቀባዩ ላብ በመጀመሪያ ኢሜይሉ ላይ ያሰበው ከአፕሪል 1 እስከ ጁን 30 ነበር። ከዚህ በኩል ትንሽ ድጎማ ቢፈቀድልኝ ደግሞ ፋይናንስ ምን ይጠይቀኛል?

ጦሳ

ከአፕሪል 1 እስከ ጁን 30 ስትቆጥሪው 91 ቀን ነው። የሼንገን (ጀርመን ያለችበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ የቪዛ ቀጠና) የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ይፈቅዳል፤ የምትገቢበትም የምትወጪበትም ቀን ይቆጠራል። በአንድ ቀን ብልጫ ምክንያት ሌላ የቪዛ ዓይነት ውስጥ ትገቢያለሽ። 63 ቀኑ ከዚህም ያድንሻል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባጸደቀው እርምጃ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። ስለዚህ በመሃል ለንደን ላይ ኮንፈረንስ አገኘሁ ብለሽ ብትወጪ መመለሻ የለሽም። ማመልከቻ ከጉዞው በፊት እስከ 6 ወር ድረስ ማስገባት ይቻላል፤ ቢያንስ ሁለት ወር ተኩል ቀደም በይ። አሻራ በአካል ስለሚሰጥ አዲስ አበባ መሄድሽ አይቀርም። የደሴ አዲስ አበባን 400 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስና የአልጋውን በጀት ውስጥ አስገቢ፤ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው።

የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ግን በኅብረቱ የቪዛ ደንብ አንቀጽ 16 ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚሄዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለሳይንሳዊ ምርምር የሚጓዙ ተመራማሪዎች ከዚህ ክፍያ ነፃ ናቸው። ካልጠየቅሽ ማንም አያስታውስሽም። የማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የአገልግሎት ዋጋ ግን ይከፈላል። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ለመላው ሼንገን የሚሠራ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚከለከለው «ለመመለሷ በቂ ማስረጃ የለም» ተብሎ ነው። ለዚህ የሚበጀው ከዩኒቨርሲቲው የሚጻፍ ደብዳቤ ነው፦ ተማሪ መሆንሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን የምታቀርቢበት ጊዜ፣ መምህርት ከሆንሽ ደግሞ ደመወዝሽ እየተከፈለሽ እንደምትሄጂና በየትኛው ቀን ሥራ እንደምትጀምሪ። የ6 ወር የባንክ እንቅስቃሴ አያይዢ። በመጨረሻው ሳምንት ከዘመድ ተበድሮ የገባ ብዙ ብር ከመጥቀም ይልቅ ጥርጣሬ ያስነሳል።

ስለ በጀቱ፦ ሁሉንም በዩሮ ሥሪ፤ በብር የሚገባውን ጎን ለጎን የዕለቱን ምንዛሪና ቀኑን ጠቅሰሽ ጻፊ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በብር ብቻ የተፈቀዱ የጉዞ በጀቶች በጥቂት ወራት ውስጥ ግማሽ ያህል አቅማቸውን አጥተዋል። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጥሽን ብር በብር ለሚከፈሉት አድርጊው፦ ለአገር ውስጥ ጉዞ፣ ለኬልዳሉ፣ ለፈቃዶቹ። ዩሮ የሚጠይቀውን ለውጭው ገንዘብ ሰጪ ተይለት።

ለገንዘብ ሰጪውም አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቢ፦ ክፍያው በቅድሚያ ነው ወይስ ደረሰኝ ሲቀርብ? «ከፍለሽ ነይ፣ እንመልስልሻለን» የሚለው አሠራር ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ተማሪ አይሆንም። ቲኬቱን ራሳቸው ቆርጠው እንዲልኩ፣ የመጀመሪያውን ወር አበል በደረስሽበት ሳምንት እንዲሰጡ ጠይቂ፤ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ያደርጉታል።

ቦርከና

ጦሳ ካለው ላይ የፋይናንሱን ልጨምር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በቅድሚያ የወሰድሽው ገንዘብ ካለ ከዚያ በፊት መወራረድ አለበት፤ ካልተወራረደ በስምሽ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፣ የሚቀጥለው ጥያቄሽም አይስተናገድም። ከአፕሪል 1 ሳይሆን ከመጋቢት 15 ተነስተሽ 63 ቀን ብትቆዪ ግንቦት 17 ገደማ ትመለሻለሽ፤ ለማወራረድ ከአንድ ወር በላይ ይተርፍሻል። የመሳፈሪያ ካርዶችሽን አትጣይ፤ በወጣሽበትም በተመለሽበትም ይጠየቃሉ። በጀርመንኛ የተጻፈ ደረሰኝ ላይ የምን ክፍያ እንደሆነ ከጎኑ በአማርኛ ጽፈሽ አማካሪሽ ይፈርሙበት፤ ሒሳብ ክፍል ያልገባውን ወረቀት ስለሚመልሰው ነው።

ቪዛውን ለማስገባት ታዲያ ጥር መጀመሪያ ላይ የድጋፍ ደብዳቤው እጅሽ መግባት አለበት። የዘንድሮው መዝጊያ ካለፈሽ ከከርሞው መጋቢት ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። የብዝኃ ሕይወቱን ፈቃድ ግን አትጠብቂበት፤ የናሙናው ዝርዝር ታኅሣሥ ላይ እንደተሟላ አስገቢው።

ወተት በጉንጬ

ዝርዝሩን ስትሠሪ የገበሬውን አጠራር እንዳለ ጻፊ፤ የማሽላዎቹን ስም ጅጉርቴ፣ ደጋሊት እያልሽ፣ ከቀበሌውና ከከፍታው ጋር። ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ከሚያውቋቸው ዓይነቶች ጋር አመሳክረሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ በሁለት ስም የተሰበሰበ አንድ ማሽላ ካለ ከ60ው ላይ ይቀነስልሻል፣ የትንተናው ሒሳብም በዚያው ልክ ይወርዳል።