ተማሪዎች ያልለመዱት ጥያቄ ሲገጥማቸው እንዲያስቡ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ያሳየኋቸውን ዓይነት ጥያቄ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ አቀራረቡን ጥቂት ስለውጠው ግን «ይህንን አልተማርንም» ይላሉ። «ለምን?» ብዬ ስጠይቅም ክፍሉ ጸጥ ይልና መልሱን የምናገረው እኔው እሆናለሁ። የዓመቱን ይዘት ሳላጓድል መተንተንንና መገምገምን የሚጠይቅ ሥራ እንዴት ላስገባ?

መልስ 1፦
የተለየ ክፍለ ጊዜ አያስፈልገውም፤ በእጅዎ ያለውን ጥያቄ መገልበጥ ይበቃል። 1/2 እና 1/3ን ደምሩ ከማለት ይልቅ «አንድ ተማሪ ድምሩ 2/5 ነው ብሏል፤ ሳታሰሉ ስህተት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ብለው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ፣ በግማሽ ላይ 1/3 ተጨምሮ ውጤቱ ከግማሽ ሊያንስ እንደማይችል ያስተዋለ ልጅ የሌላን ሰው ሥራ በማስረጃ ገምግሟል ማለት ነው። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ፤ የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ጋር መደመሩን ራሳቸው ይደርሱበታል።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ የምጨምረው የመጠበቅን ነገር ነው። ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ጥያቄ ካቀረቡ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጊዜው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና በምክንያት እንደሚደገፍ አሳይተዋል። ስለዚህ ጸጥታውን ቶሎ አይስበሩት። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ለየብቻ ይጻፉ፣ ከዚያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይነጋገሩ፣ በመጨረሻ ለክፍሉ ይናገሩ፤ ዝምተኛ ልጆች የሚደፍሩት እንዲህ ሲሆን ነው።

መልስ 3፦
በሁለቱም እስማማለሁ፤ ሆኖም «ለምን» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ጥያቄው ከፍተኛ አስተሳሰብን ይጠይቃል ማለት አይደለም፤ ምክንያቱን ትናንት አጽፈናቸው ከሆነ ዛሬ የሚመልሱት ሸምድደው ነው። ማስታወስንም አንናቅ፦ ክፍልፋዮችን ማወዳደር የማይችል ልጅ የ2/5ን ስህተት ሊያይ አይችልም። ከሁሉ በላይ ግን ፈተናዎን ይመልከቱ፤ በክፍል ውስጥ ምክንያት እየጠየቅን በፈተና ውጤቱን ብቻ ካረምን፣ ልጆቹ የሚያጠኑት የሚታረመውን ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የተማሪው ቁጥር ብዙ ሲሆን ምክንያቱን ማረም አይከብድም?

መልስ 3፦
በየፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲህ ያድርጉ። ለመልሱ 1፣ ለምክንያቱ 2 ነጥብ ይስጡ፤ ምክንያቱም ከሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ አስቀድመው ይንገሯቸው።