ለድሬ ሙቀት ሃይ ዊንግ ይሻላል ወይስ ሎው ዊንግ?

የከዚራ ልጅ
ሰላም ለቤቱ። የግል አብራሪነት ፈቃድ አለኝ፤ የማውቀው ሴስና 172ኤስ ብቻ ነው። አሁን ፓይፐር አርቸርን የመልመድ ዕድል ተገኝቷል። ሁለቱም 180 የፈረስ ጉልበት አላቸው፣ የሁለቱም ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 1,157 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ክንፉ ነው ይባላል፤ የሴስናው ከላይ (ሃይ ዊንግ)፣ የአርቸር ከታች (ሎው ዊንግ) ነው። ድሬዳዋ 1,167 ሜትር ላይ ሆና በሰኔ 35 ዲግሪ ስትደርስ፣ ደቡቡን ደግሞ የደንገጎ ተራራ ሲዘጋው፣ የክንፉ ላይ ወይም ታች መሆን ምን ይለውጣል? «እንደ ሰዉ ምርጫ ነው» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ፤ ዝርዝሩን ነው የምፈልገው።

ሳቢያን ጥገና
አቦ፣ ከክንፉ በፊት ነዳጁን እይ። በሴስናው ሳልባትዮዎቹ ከራስህ በላይ ናቸው፤ ነዳጁ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ መምረጫውም «ሁለቱም» የሚል ቦታ አለው። አርቸር ላይ ሳልባትዮው ከሞተሩ በታች ስለሆነ ነዳጁን የሚያወጣው ፓምፕ ነው፤ ከባዶው ሳልባትዮ ደግሞ አየር እንዳይስብ ሲባል «ሁለቱም» የሚል ቦታ የለውም። ግራ ወይ ቀኝ ብቻ። ከ172 የሚመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀኙ ሙሉ ሆኖ ግራው ያልቅና ሞተሩ አየር ላይ ይጠፋል። በየ30 ደቂቃው ቀይር፣ የቀየርክበትን ሰዓት ጻፍ፣ ከመቀየርህ በፊት የኤሌክትሪኩን ፓምፕ አብራ። ስትነሳና ስታርፍም ይብራ።

መለካቱ ግን አርቸር ላይ ይቀላል። መሬት ቆመህ ክዳኑን ከፍተህ ታያለህ፤ ነዳጁ ሳልባትዮው ውስጥ ካለው ምልክት እኩል ከሆነ 64 ሊትር ገደማ ነው። ለሴስናው መሰላል ያስፈልጋል፤ መሰላል ሲጠፋ ሰው ጌጁን አምኖ ይነሳል። ይህን አታድርግ። ከታች ውሃ የምትፈትሽባቸው ቀዳዳዎች ደግሞ 172ኤስ ላይ 13 ናቸው፣ አርቸር ላይ 3። አስራ ሦስቱንም ፈትሽ።

ደንገጎ
ሳቢያን ስለ ነዳጁ ያለው ልክ ነው። በድሬ ሙቀት ግን ቀድሞ የሚመጣው የአየሩ መሳሳት ነው፤ እሱ ደግሞ ክንፍ አይመርጥም። ሒሳቡን እንሥራው። 1,167 ሜትር 3,830 ጫማ ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 7 ዲግሪ ነው፤ 35 ሲሆን 28 ዲግሪ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ብትጨምር 3,360 ይመጣል፤ በ3,830ው ላይ ደምረው። አውሮፕላኑ 7,200 ጫማ ላይ እንዳለ ነው የሚሰማው፤ ቱርቦ የሌለው 180 ፈረስም ወደ 140 ይወርዳል።

ስለዚህ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ሙሉ ሀብታም፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት፣ አድርገህ አትነሳ። የ172ኤስ መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ቆመህ ሙሉ ጉልበት ሰጥተህ፣ የሞተሩ ዙር ከፍተኛው እስኪደርስ ሚክስቸሩን እንድታሳሳ ይላል። የድሬ መንደርደሪያ ረጅም ስለሆነ መነሳቱ አያስቸግርም። ችግሩ ወደ ሐረር መውጣቱ ነው። መጀመሪያ በሽንሌ በኩል ሜዳው ላይ እየዞርክ ከፍታ ሰብስብ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ዙር። ንፋሱ ከደቡብ ከሆነ ደንገጎን ተሻግሮ ወደ ድሬ ሲወርድ አንተንም ይዞህ ይወርዳል። ተራራውን ፊት ለፊት ሳይሆን በ45 ዲግሪ ቅረበው፣ መመለሻ እንዲኖርህ።

የከዚራ ልጅ
ጋሽ ደንገጎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አርቸር ሲያርፍ ይንሳፈፋል የሚሉትስ?

ደንገጎ
እውነት ነው። ክንፉ ለመሬት ሲቀርብ ከስሩ ያለው አየር ይደግፈዋል፣ ወደኋላ የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል፣ ፍጥነት ካተረፍክ መሬቱን እምቢ ይላል። ፍላፕ (ከክንፉ ጀርባ የሚወርደው ሰሌዳ) ሙሉ ሆኖ 66 ኖት (የፍጥነት መለኪያ ነው) ያዝ። በዚህ ሙቀት ጌጁ 66 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 73 አካባቢ ነው፤ መሬቱ ሲሮጥ ስታይ የፈጠንክ ይመስልህና አፍንጫውን ታነሳለህ። ጌጁን እመን። ለጥንቃቄ ብለህ 10 ኖት ብትጨምር ብዙ መንደርደሪያ ተንሳፍፈህ ትጨርሳለህ።

ወደ ጎዴ
ስለ አስፋልት ብቻ አወራችሁ። የጠጠር ሜዳ ከሆነ እኔ ያለ ጥርጥር ሃይ ዊንግ ነኝ። ጎማው የሚወረውረው ድንጋይ የሎው ዊንጉን ፍላፕ ይመታል፤ ዳር ያለው የግራር ቁጥቋጦም ክንፉን ያገኘዋል። ገጠር የሚሠራው ሴስና ካራቫን ሃይ ዊንግ መሆኑ በከንቱ አይደለም። 172ቱ ሁለት በርም አለው፣ አርቸር ግን አንድ፣ እሱም በቀኝ በኩል። ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ ክንፉ ጥላ ነው፤ በድሬ እኩለ ቀን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በአየር ላይ ሁለቱም ዕውር ጎን አላቸው። ሃይ ዊንግ ስትዞር የምትዞርበትን ጎን ክንፉ ይሸፍነዋል፤ ከመዞርህ በፊት ክንፉን አንስተህ እይ። ሎው ዊንግ ስሩን አያሳይም። ለማረፍ ሲመጡ ሎው ዊንጉ ከላይ፣ ሃይ ዊንጉ ከታች ከሆኑ አንዱም ሌላውን አያይም፤ ያኔ የሚያድነው በሬዲዮ ቦታህን መናገር ነው።

ሳቢያን ጥገና
ሁለት ነገር ልጨምር። ሴስናው ላይ ከመነሳትህ በፊት ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርገህ መያዙን አረጋግጥ። ወንበሩ የሚሄድበት ሃዲድ ቀዳዳ ከተበላ አውሮፕላኑ ሲነሳ ወንበሩ ወደኋላ ይንሸራተታል፤ አብራሪው መሪውን ይዞ ስለሚሄድ አፍንጫው ሽቅብ ይላል።

ሁለተኛው የሞቀ ሞተር ማስነሳት ነው። 172ኤስ ኢንጀክሽን ነው (ነዳጁ ወደ ሲሊንደሮቹ መግቢያ ይረጫል)፤ በድሬ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ከቆመ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ ይተናል። ፕራይም አታድርግ (ከማስነሳትህ በፊት ነዳጅ አትርጭበት)፤ ሚክስቸሩን ዘግተህ፣ ትሮትሉን (የጉልበት መስጫውን) ትንሽ ከፍተህ አዙር፣ ሲያያዝ ሚክስቸሩን ቀስ ብለህ ወደፊት ግፋ። አርቸር ካርቡሬተር ስለሆነ በዚህ አያስቸግርም፤ በክረምት ግን ሐረር በኩል አየሩ 18 ዲግሪና እርጥብ ሆኖ ጉልበት ስትቀንስ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይይዛል። ዙሩ ያለ ምክንያት ሲወርድ ካየህ የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ሙሉ ሳብ። መጀመሪያ በረዶው ሲቀልጥ ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ደንግጠህ አትመልሰው።