የኬር ማኔጀር ስፖንሰርሺፕ ወደ እንግሊዝ፦ ከአዲስ አበባ ሆኖ እንዴት ይፈለጋል?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ላለፉት 6 ዓመታት 40 አረጋውያን የሚኖሩበትን ማዕከል አስተዳድራለሁ፤ በሥሬ 18 ሠራተኞች አሉ። እንግሊዝ አገር በኬር ሆም (የመንከባከቢያ ቤት) ማኔጀርነት ስፖንሰር የሚያደርገኝ አሠሪ እየፈለግሁ ነው፤ ግን ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። የኬር ቪዛ ተዘጋ ሲባል ማኔጀርንም ይጨምራል? አንድ ኤጀንት «የማኔጀር ሲኦኤስ (የስፖንሰርነት ማረጋገጫ) በእጄ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ላኪ» ይለኛል፤ አሠራሩ እንዲህ ነው? የሌቭል 5 የእንክብካቤ አመራር ዲፕሎማንስ ከዚሁ በኦንላይን ልጀምር? ባለቤቴንና የ7 ዓመት ልጄን ይዤ መሄድ ነው የምፈልገው።

አባይ ማዶ፦
እህቴ፣ ከኤጀንቱ ልጀምር፤ ስሙኒ አትላኪ። ሲኦኤስ በእጅ የሚያዝ ወረቀት አይደለም። ፈቃድ ያለው አሠሪ ቪዛ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት (ሆም ኦፊስ) ሲስተም ውስጥ ገብቶ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ የታወቀ ሥራ የሚመድበው ቁጥር ነው። ለምደባው 525 ፓውንድ የሚከፍለው አሠሪው ነው። በዚያ ላይ ኢሚግሬሽን ስኪልስ ቻርጅ የሚባል ክፍያ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 16 ቀን 2025 ጀምሮ ለትልቅ ድርጅት በዓመት 1,320 ፓውንድ ነው። አሠሪው እነዚህን ከሠራተኛው ኪስ ማስመለስ አይችልም፤ ከተደረሰበት የስፖንሰርነት ፈቃዱን ይነጠቃል። እሱ ፈቃዱን ሲነጠቅ ደግሞ የሠራተኞቹ ቪዛ ያጥራል፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ስፖንሰር ፈልገው እንዲያመለክቱ 60 ቀን ብቻ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ለሲኦኤስ የከፈለ ሰው ቪዛውን ቢያገኝ እንኳ የቆመበት መሬት የሚናድ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት ስላለባቸው ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል ካላቸው 55 አገሮች አንዷ ናት። እንግሊዝም በራሷ የምልመላ ደንብ በቀይ መዝገብ አስፍራታለች። አሠሪም ሆነ ኤጀንት ኢትዮጵያ ውስጥ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሠራተኛ መመልመል የለበትም ማለት ነው። አንቺ ግን የወጣ ማስታወቂያ አይተሽ፣ በራስሽ ተነሳሽነት፣ በቀጥታ ለአሠሪው ብታመለክቺ የሚከለክልሽ የለም። ደንቡ ይህን በር ሆን ብሎ ክፍት ትቶታል። «እንግሊዞቹ ከኢትዮጵያ እየመለመሉ ነው» የሚል ደላላ ግን ከመጀመሪያው ከደንቡ ውጭ ነው።

ስለ መዘጋቱ፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2025 የኬር ወርከር (የሙያ መለያ ኮድ 6135) እና የሲኒየር ኬር ወርከር (ኮድ 6136) በር ከውጭ ለሚመጣ ሰው ተዘጋ። በዚያው ቀን የስኪልድ ወርከር (የባለሙያ ሠራተኛ) ቪዛ የሙያ ደረጃ ወደ ዲግሪ ደረጃ ከፍ አለ። የኬር ሆም፣ የቀን ማዕከልና የቤት ለቤት አገልግሎት ማኔጀሮች ኮድ 1232 ነው፤ ከእነዚያ ከሁለቱ የተለየ። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለው የሙያ ሠንጠረዥ እያንዳንዱን ኮድ «ሃየር ስኪልድ» (የዲግሪ ደረጃ) ወይም «ሚዲየም ስኪልድ» (ከዲግሪ በታች) ብሎ ይለየዋል። ከውጭ አዲስ የምታመለክቺ ከሆነ የመጀመሪያው ያስፈልግሻል፤ ሁለተኛው የሚያስኬደው ሙያው በልዩ የእጥረት ዝርዝሮች ላይ ካለ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ስለሚቀያየር የሥራ ቅጥር ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ክፈቺውና እይ። አሠሪውንም «በየትኛው ኮድ ነው የምትመድቡኝ?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። በጽሑፍ የማይመልስ አሠሪ ጊዜሽን ይበላል።

የኬር ወርከር በር ከተዘጋ ወዲህ ያንኑ ሥራ «ማኔጀር» ብሎ ሰይሞ መሸጥ ተበራክቷል። የቪዛ መኮንኖቹ ይህን ያውቁታል። 12 አልጋ ያለው ቤት ለምን 4 ማኔጀር አስፈለገው? ውሉ ላይ የተዘረዘረው ሥራ ማጠብና ማጉረስ ሆኖ ማዕረጉ ለምን ማኔጀር ሆነ? ሥራው እውነተኛ አይደለም ብለው ይከለክላሉ። ማታለል አለበት ካሉ ደግሞ እስከ 10 ዓመት የሚያግድ ነው።

ሊድስ ነዋሪ፦
ሌቭል 5ን በተመለከተ አጭሩ መልስ፦ ከዚያ ሆነሽ አትጀምሪ። እውነተኛው የሌቭል 5 የአዋቂዎች እንክብካቤ አመራር ዲፕሎማ በሥራ ቦታ የሚገመገም ነው። ገምጋሚው ሥራሽን ያያል፤ ያካሄድሽውን ሱፐርቪዥን፣ የጻፍሽውን የእንክብካቤ ዕቅድ፣ የመራሽውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማስረጃ አድርጎ ይሰበስባል። እንግሊዝ ውስጥ የሥራ ቦታ የሌለው ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? በጥቂት ሳምንት ይሰጣል የሚባለው የኦንላይን ሰርተፍኬት ብዙውን ጊዜ ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ለማጣራት የኦፍኳል (የእንግሊዝ የብቃት ማረጋገጫዎች ተቆጣጣሪ) መዝገብ ውስጥ የዲፕሎማውን ቁጥር መፈለግ ነው፤ ከሌለ የለም።

የማኔጀር ቦታን ከውጭ ሆኖ ማግኘት የሚከብድበት ዋናው ምክንያት ግን ዲፕሎማው አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሬጂስተርድ ማኔጀር (የተመዘገበ የቤቱ ኃላፊ) የሚሆን ሰው ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን (ሲኪውሲ) የሚባለው የእንክብካቤ አገልግሎት ተቆጣጣሪ ዘንድ በስሙ መመዝገብ አለበት። ሲኪውሲ የወንጀል ማጣሪያ ይጠይቃል፤ ሙሉ የሥራ ታሪክ፣ ክፍተት ካለ ከነምክንያቱ፣ ይጠይቃል፤ ቃለ መጠይቅም ያደርጋል። የሚጠየቀው የእንክብካቤ አገልግሎት ደንብን (እ.ኤ.አ. 2014) ነው፦ ደንብ 12 ስለ ደኅንነት፣ ደንብ 13 ሰዎችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ፣ ደንብ 17 ስለ መልካም አስተዳደር፣ ደንብ 18 ስለ ሠራተኛ ብዛትና ብቃት። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ሜንታል ካፓሲቲ አክት (የመወሰን አቅም ሕግ)ም አይቀርም፤ አንድ አዛውንት መድኃኒት አልወስድም ሲሉ ለራሳቸው የመወሰን አቅም አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን በምን መንገድ እንደምትመዝኚና የት እንደምትጽፊ። አንድ አሠሪ በሲኪውሲ ዘንድ ያልተፈተነ ሰው ከውጭ አምጥቶ ቤቱን በስሙ ለማስመዝገብ ብዙ ይፈራል። ፍርሃቱም ተገቢ ነው፤ ቤቱ ያለ ሬጂስተርድ ማኔጀር ከቆየ ተጠያቂው እሱ ነው።

እህቴ፣ አንቺ የያዝሽው ቁልፍ ሌላ ነው፤ የሶሻል ወርክ ዲግሪሽ። ሶሻል ወርከር ኮድ 2461 ነው፤ የዲግሪ ደረጃ ሙያ ነው፤ በሄልዝ ኤንድ ኬር (የጤናና እንክብካቤ ሠራተኞች) ቪዛ ውስጥም ይገባል። ቀጣሪዎቹ በአብዛኛው የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው። በዚህ ደረጃ የሄደ ሰው ባለቤቱንና ልጁን ይዞ መሄድ ይፈቀድለታል። እንግሊዝ ውስጥ «ሶሻል ወርከር» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መጀመሪያ ሶሻል ወርክ ኢንግላንድ በሚባለው መዝጋቢ ዘንድ መመዝገብ ግድ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው መዝጋቢ አላቸው፤ አንዱ ጋ መመዝገብ ለሌላው አይበቃም።

ምዝገባው ላይ ሰው የሚሰናከለው ትራንስክሪፕት ብቻ አያይዞ ሲልክ ነው። መዝጋቢው የሚያየው የኮርሱን ይዘትና የተግባር ልምምዱን ነው። የእንግሊዝ ተማሪ 200 ቀን ልምምድ አለው፤ የአንቺ ከዚያ ጋር ይመዘናል። ስለዚህ ከትምህርት ክፍልሽ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ፣ የፊልድ ልምምዱን ቦታ፣ ሰዓትና ተቆጣጣሪ የሚጠቅስ ደብዳቤ በማኅተም አውጪ። ይህ ደብዳቤ ሬጅስትራር ቢሮ ብቻ ሄዶ አይገኝም፤ ትምህርት ክፍሉ ራሱ መጻፍ አለበት፤ ምልልስ ስላለው ከሁሉም ቀድመሽ ጀምሪው። ዲግሪው በሶሺዮሎጂ ወይም በሳይኮሎጂ ለሆነ አንባቢ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

እንግሊዝኛ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለቪዛው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 8 ቀን 2026 ጀምሮ ቢ2 ደረጃ ያስፈልጋል፤ በአይኤልትስ በአራቱም ክፍል 5.5 ማለት ነው። መዝጋቢው የሚፈልገው ከዚያ ይበልጣል። ሐኪምና ነርስ በሙያ ምዝገባቸው የወሰዱት ፈተና ለቪዛው ይበቃቸዋል፤ ሶሻል ወርከር ግን ከዚህ ነፃ አይደለም። ስለዚህ ፈተናውን ስትመዘገቢ «አይኤልትስ አካዳሚክ ፎር ዩኬቪአይ» የሚለውን፣ ለቪዛም የሚሆነውን፣ ምረጪ፤ አንዱ ውጤት ለሁለቱም ያገለግላል። ተራውን አካዳሚክ የወሰደ ሰው ለቪዛው እንደገና ይከፍላል። ዲግሪሽ በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑን የውጭ ዲግሪ በሚመዝነው የእንግሊዝ ተቋም በኤክቲስ አስመስክሮ ለቪዛው ማቅረብም ይቻላል።

ኬር ማስታወሻ፦
አሠሪ አፈላለጉን ልጨምር። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የስፖንሰሮች መዝገብ በነፃ ይወርዳል። በኤክሴል ክፈቺው፤ ዓምዶቹ የድርጅት ስም፣ ከተማ፣ የፈቃድ ደረጃና የቪዛ ዓይነት ናቸው። «ስኪልድ ወርከር» እና «ኤ ሬቲንግ» የሚሉትን አጣሪ። ቢ ሬቲንግ ያለው ለአዲስ ሠራተኛ ሲኦኤስ መመደብ አይችልም። ከዚያ «ካውንስል» የሚለውን ቃል ፈልጊ፤ የምክር ቤቶቹ ዝርዝር ይወጣልሻል። መዝገቡ ላይ መኖር ክፍት ቦታ አለ ማለት እንዳልሆነ አትርሺ፤ ማስታወቂያውን በየድረ ገጻቸው ማየት የግድ ነው።

የግል ኬር ሆም ሲሆን ሁለት ቦታ አመሳክሪ። አንዱ የሲኪውሲ ገጽ ነው፦ የአልጋ ብዛት፣ የመጨረሻው ፍተሻ ውጤት፣ አሁን የተመዘገበው ማኔጀር ማን እንደሆነ። ሌላው ካምፓኒስ ሃውስ (የድርጅቶች መዝጋቢ) ነው፦ ድርጅቱ መቼ ተቋቋመ፣ ዓመታዊ ሒሳቡን በጊዜው አስገብቷል ወይ። አምና ተቋቁሞ፣ በሲኪውሲ ዘንድ ተመዝግቦ አንድም ጊዜ ሳይፈተሽ ማኔጀር ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ካገኘሽ እለፊው።

ሲቪሽ ላይ «ማዕከሉን አስተዳድራለሁ» ብለሽ አትለፊ። እንዲህ ጻፊው፦ «40 ነዋሪዎች፣ ከእነሱ ስንቱ ያለ ረዳት የማይንቀሳቀሱ፤ 18 ሠራተኞች በ3 ፈረቃ፤ ሌሊት ስንት ሠራተኛ፤ መድኃኒት ማን ይሰጣል፣ ማን ይፈርማል፤ መውደቅና ጉዳት ሲደርስ በምን መዝገብ ይጻፋል፤ በየስንት ጊዜው ይገመገማል፤ ዓመታዊ በጀት ስንት»። እንግሊዛዊ አንባቢ የሚፈልገው ይህን ነው። ማዕከልሽ ውስጥ የመድኃኒት መስጫ ቅጽ በየቀኑ የሚሞላ ከሆነ ጥቀሺው፤ ብዙ አመልካች ይህን የመሰለ ጠንካራ ማስረጃ እንደ ተራ ነገር ይተወዋል።

የጉለሌዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ ዓይኔን ገልጣችሁልኛል። ኤጀንቱን ትቼዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር፦ የባንክ ሒሳቤ በብር ነው፣ ይቀበሉታል? እዚያው እንግሊዝ ከ2023 ጀምሮ በኬር ወርከር ቪዛ ያለች እህት አለችኝ፤ እሷስ ወደ ማኔጀርነት ማደግ ትችላለች?

አባይ ማዶ፦
የእህትሽ ከአንቺ ይቀላል። ከጁላይ 22 ቀን 2025 በፊት የስኪልድ ወርከር ቪዛ ይዞ ሳያቋርጥ የቆየ ሰው በሽግግር ደንቡ ተጠቅሞ ከዲግሪ በታች ደረጃ ባላቸው ኮዶችም መቀጠል ይችላል፤ ስለዚህ ለእሷ 1232 የደረጃ እንቅፋት የለበትም። ሌቭል 5 የሚጠቅመውም ለእሷ ነው፤ አሠሪዋ ምክትል ማኔጀር አድርጎ እያሠራት ትማረዋለች። ግን ልብ በሉ፦ ኮዱ ከተቀየረ፣ አሠሪው ያው እንኳ ቢሆን፣ አዲስ ሲኦኤስና አዲስ የቪዛ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሳይመጣ በማኔጀርነት መሥራት ከጀመረች የቪዛዋን ሁኔታ ጥሳለች ማለት ነው። «ደሞዝሽን ጨምረናል፣ ከሰኞ ጀምሮ ማኔጀር ነሽ» ተብሎ በደስታ መፈረም ያለው አደጋ ይኼ ነው።

ደሞዝ ሲታይ የሚቆጠረው በውል የተረጋገጠው መሠረታዊ ክፍያ ብቻ ነው፤ ኦቨርታይም አይገባም። ጠቅላላው ወለል 41,700 ፓውንድ ነው፤ በሄልዝ ኤንድ ኬር ቪዛ 31,300፣ በብሔራዊ የደሞዝ ስኬል ለሚከፈላቸው ሙያዎች 25,000። ከእነዚህ በተጨማሪ ኮዱ የራሱ የሙያ ተመን አለው፤ የሚፈለገው ከሁለቱ ከፍ ያለው ነው።

ሊድስ ነዋሪ፦
ብር ይቀበላሉ፤ ወደ ፓውንድ ይመነዝሩታል። የሚፈለገው ለአንቺ 1,270፣ ለባለቤትሽ 285፣ ለመጀመሪያ ልጅ 315 ፓውንድ ነው። ለ28 ተከታታይ ቀን ሒሳቡ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ 28ኛው ቀን ከማመልከቻው በፊት ባሉት 31 ቀናት ውስጥ መሆን አለበት። በ19ኛው ቀን የቤት ኪራይ ከፍለሽ ለአንድ ቀን ከመጠኑ ዝቅ ቢል ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ብር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን ልክ አስተካክለሽ አታስቀምጪ፤ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ጨምሪበት። አሠሪው ኤ ሬቲንግ ካለው ሲኦኤሱ ላይ የመጀመሪያ ወር ወጪሽን እንደሚሸፍን ምልክት ማድረግ ይችላል፤ ለቤተሰብሽም እንዲያደርገው ጠይቂ።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውን አዲስ አበባ የሚሠራው አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ነው፤ ሰርተፍኬቱ 6 ወር ብቻ ስለሚያገለግል ሲኦኤስ ሳይቃረብ አትሂጂ። ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ደግሞ ባለፉት 10 ዓመታት በድምሩ 12 ወር ከኖርሽበት ከእያንዳንዱ አገር ያስፈልጋል። ዱባይ ወይም ሪያድ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ከዚያም ማምጣት አለበት፤ ከሁሉ ሰነድ የሚዘገየው ይኸኛው ስለሆነ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ይጀመር።

ሲኦኤሱ ከተመደበ በኋላ ለማመልከት 3 ወር አለሽ። ከመክፈልሽ በፊት ቅጂውን አስልኪና ፊደል በፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አስተያዪ፦ ስም፣ የልደት ቀን፣ ኮድ፣ ደሞዝ፣ የሳምንት ሰዓት፣ የሥራ አድራሻ። የልደት ቀን ላይ የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ተቀላቅሎ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይታያል። አሠሪው ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ማስተካከያ ሊጽፍበት ይችላል።