«የጅብ ሽንኩርት» በሚባለው ተክል ስም ውስጥ ጅቡ ምን ይሠራል?

«ጅብ ስለሚበላው ነው እንዴ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ አይደለም። ጅብ ሽንኩርት ምን ሊያደርግለት!

እኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ዝናብ መጣል ሲጀምር ዋልካው ሜዳ ላይ ነጭ፣ ጡሩምባ የመሰለ አበባው ብቅ ይላል። ባለፈው ለአጥር እንጨት ጉድጓድ ስቆፍር አንዱን ከነሥሩ አወጣሁት። ጡጫ የሚያህል ሽንኩርት ነው፣ ቡናማ ልጣጭ አለው፣ ውስጡ ድርብርብ፤ ባሸተው ባሸተው ግን የሽንኩርት ሽታ የሚባል የለውም። አከራዬ እማማ ከበረንዳ አይተውኝ «አንተ ልጅ፣ ጣለው! የጅብ ነው» አሉኝ። «ሽንኩርት» የሚለውን አልጨመሩም። ነገሩ ያኔ ገባኝ።

«የአህያ ጆሮ» ስንል ቅጠሉ የአህያ ጆሮ ስለሚመስል ነው፣ አህያም ጆሮ አላት። ጅብ ግን ሽንኩርት የለውም። «የሜዳ» ወይም «የዱር» ስንልም የሚገኝበትን ቦታ ነው የምንናገረው። «የጅብ» ስንል ግን ይመስላል እንጂ ላንተ አይሆንም፣ እጅህን ሰብስብ ማለታችን ነው። «የጅብ ጥላ»ም እንደዚያው ይመስለኛል፤ እንጉዳዩ ጥላ ይመስላል፣ ማን ይጠለልበታል?

ማስጠንቀቂያው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ሥሩ ውስጥ ላይኮሪን የሚባል መርዝ አለ፣ የበላውን ሰው ያስመልሰዋል። እና እባካችሁ «መድኃኒት ነው» ያላችሁን ሁሉ አትቅመሱ።

ደስ ያለኝ ሌላው ነገር «ሽንኩርት» የሚለው ግማሽ ነው። ተክሉ ክሪነም ይባላል፣ ከአማሪሊስ ቤተሰብ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዕፅዋት ተመራማሪዎች ምደባውን ሲያሻሽሉ ቀይ ሽንኩርትን፣ ነጭ ሽንኩርትንና ባሮ ሽንኩርትን እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ከተቷቸው። እማማ ሽንኩርት ለማለት እነሱን አልጠበቁም።

ክሪነም የሚለው ስም የመጣው ክሪኖን ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ማቴዎስ 6፥28 ላይ በአማርኛ «የሜዳ አበቦች» የተባሉት በግሪክኛው ክሪኖን ናቸው፣ ለዚያውም ስለ ውበታቸው ተነስተው። እኛ ሰፈር መጥቶ የጅብ ሆነ፣ ምስኪን።

ጎጃምና ወሎ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ደግሞ «የጅብ» የሚባል ምን አለ?