የማኅበራችን ድረ ገጽ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ ላይ አስተያየት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው በተባለው መሠረት ረቂቁ ይኸው። እኛ የቤት ዕቃና የብረታ ብረት ሠሪዎች አዲስ አበባ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ዳር ሆነን ደንበኛ የምናገኘው ወይ በደላላ ነው ወይ በመንገድ ሲያልፍ አይቶን። ድረ ገጹ የእያንዳንዱን አባል ሥራ በፎቶ፣ በዋጋና በስልክ ቁጥር ያሳይ። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ለአንድ ባለሙያ ይሰጥ፤ ለእንቁጣጣሽ ሥራ ይጀምር። የጎደለውን ሙሉበት፣ የበዛውን አውጡ።

የሶፋ ሠሪዎች ተወካይ፦
ለእንቁጣጣሽ ማን ሶፋ ይገዛል ጸሐፊያችን? ያን ሰሞን ሰው ኪሱን የሚያራግፈው ለደብተርና ለዩኒፎርም ነው። የኛ ገበያ ሰርግ ነው። ጥምቀት ካለፈ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይደራረባል፤ ሙሽሮች አልጋና ቁም ሳጥን የሚያዙት ግን ቀደም ብለው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይከፈት። መስከረምና ጥቅምትን ለፎቶና ለሙከራ እንጠቀምበታለን።

ገንዘብ ያዥ፦
በቀኑ ተስማምቻለሁ። እኔን የከነከነኝ «ለአንድ ባለሙያ ይሰጥ» የሚለው ነው። አንድ የማውቀው ማኅበር እንዲሁ አሠርቶ ነበር። ልጁ ዶሜኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ፣ በራሱ ስም አስመዘገበ፣ ከአገር ወጣ፣ ስልኩም አልሠራ አለ። የዓመቱ ክፍያ ሳይታደስ ሲቀር ድረ ገጹ ድራሹ ጠፋ። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ እዬዬ ቢሉ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ይህ ይጨመር፦ ዶሜኑ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፣ የሚመዘገብበትም ኢሜይል የማኅበሩ ይሁን። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፉ እኔና ጸሐፊው ዘንድ ነው። በ«ኢቲ» የሚያልቀውን ስም የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በብር ከፍለን ደረሰኝ እናገኛለን። «ዶት ኮም» ያማረው ካለ የዶላር ካርድ ያለው ዘመድ ይፈልግ፤ እኔ በየዓመቱ የሰው ደጅ መጥናት አልፈልግም።

ከብረታ ብረት ክፍል፦
እኔ ዋጋ መጻፉን አልቀበልም። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ላሜራና ቱቦላሬ ዛሬ በጠየቅኩበት ነገ አይሸጥልኝም። ደንበኛ የአምና ዋጋ ስልኩ ላይ እያሳየ ሊከራከረኝ ነው?

የሶፋ ሠሪዎች ተወካይ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፤ ግን ዋጋ የሌለበትን ማን ይደውልለታል? የእንጨቱ «መነሻ ዋጋ» ተብሎ ከነቀኑ ይጻፍ፤ ለበርና ለመስኮት «ይደውሉ» ብቻ ይበቃል።

ከብረታ ብረት ክፍል፦
እንዲያ ከሆነ ይሁን።

ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው አባል፦
ስለ ዲዛይን ብዙ አልልም፤ እሱ ይደረስበታል። እዚህ አገር ድረ ገጽ የሚያስጓትተው ዲዛይን ሳይሆን የሚገባበት ጽሑፍና ፎቶ ነው። ቢሮ ያለውን የአባላት መግለጫ ከፍቼ አየሁት። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተተየበ ስለሆነ ብሮውዘር ላይ ሲለጠፍ «ቁም ሳጥን» የሚለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆበት ይወጣል። ፊደላችን ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ በሚያነበው የፊደል ኮድ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ ፋይል ግን ፊደሉን የያዘው በራሱ ፎንት ኮድ ነው። እንደ አዲስ ይተየባል፤ ለዚህ ጊዜ ይያዝ።

ፎቶውን ደግሞ በቴሌግራም የላካችሁትን አይቻለሁ። እትዬ፣ ያ የዋንዛ ቡፌ እጅ በአፍ የሚያስጭን ሥራ ነው፤ ግን ግማሹን ቢጫ ጀሪካን ጋርዶታል፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ ፎቶ አንሺው ራሱ ይታያል። አንድ ሰው ይመደብና ሁሉንም በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከኋላ ነጭ አቡጀዴ ዘርግቶ ያንሳ። ከስልክ የወጣ ፎቶ ሜጋባይቱ ብዙ ስለሆነ ሳይቀነስ ቢለጠፍ የደንበኛ ዳታ ይጨርሳል፤ ሰውየው ሳይከፈትለት ይሄዳል።

ሰዓት ላይም ጥንቃቄ ይደረግ። «ከ2 እስከ 12» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ዳያስፖራው ግራ ይገባዋል። አማርኛው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ይበል፣ እንግሊዝኛው በፈረንጅ ሰዓት 8 እና 6 ይሁን። የማስረከቢያ ቀንም እንደዚሁ፤ የኛን ጥር 10 የፈረንጅ 10 ብሎ የሚቆጥር ሙሽራ አይጠፋም።

አናጺ አባል፦
አፋን ኦሮሞስ? የኔ ደንበኛ ግማሹ ከገላንና ከዱከም ነው። ትርጉሙን እኔ እሠራለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም።

ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልን፤ ተመዝግቧል። የተስተካከለው እንዲህ ይላል፦

«ድረ ገጹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአጭሩ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይከፈታል። ክፍያው በሦስት ይከፈላል፤ 30 በመቶ ውል ሲፈረም፣ 40 በመቶ የሁሉም አባል ሥራ ገብቶ በሙከራ አድራሻ ሲታይ፣ ቀሪው ከተከፈተ አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ ፓስወርዱና ቅጂው ተረክቦ። ሙከራው የሚደረገው አባላት በእጃቸው በያዙት ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው፤ የስልክ ቁጥሩ ሲነካ መደወል አለበት። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ምክንያት ስሙና ስልኩ የሚወጣ አባል ፈቃዱን በፊርማ ይሰጣል። የዶሜንና የሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ኪራይ) የዓመት ክፍያ ከመዋጮው ላይ አስቀድሞ ይያዛል።»

ገንዘብ ያዥ፦
«ቅጂው ተረክቦ» የሚለው ላይ «በፍላሽ» የሚል ይግባ፤ ኋላ «ኢሜይል ልኬያለሁ» እንዳይሉን። በቀረው ፈራሚ ነኝ።

የቡፌዋ ባለቤት፦
ጀሪካኑን አነሣለሁ፣ አትሳቁብኝ። ፎቶ አንሺው ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከኔ ይጀምር፤ ቡፌውን ሰኞ ይወስዱታል።